የቅጣው ቆጣሪ

ጽድ አምባ መብራት ሲገባ ለአንድ አባወራ አንድ መስመር ተባለ። ቄስ ይሄይስ ታዲያ የደረሳቸውን መስመር በገዛ ቤታቸው ማስገባት ትተው በልጃቸው በቅጣው ቤት አስገቡት። መንደሩ ጉድ አለ። ቅጣው አገር ውስጥ የለማ። በጅቡቲ አድርጌ ሳውዲ እገባለሁ ብሎ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ከባሕሩ ዳር ሆኖ አንድ ቀን ደወለና «አባ፣ ማታ እንሻገራለን፤ ይጸልዩልኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

መዝጋቢው ትእዛዙ የሚባል የሰቆጣ ልጅ ነው፤ የፀሐይ ኃይሉን ጣቢያ የሚከታተለው ቴክኒሺያን። «አባ፣ የዚህ ቤት ባለቤት የት ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው ሳያቅማሙ «መንገድ ላይ ነው» አሉት። መቼም ቄስ አይዋሽም። እሳቸው እንደሚያምኑት ልጁ መንገድ ላይ ነበር፤ መንገዱ ረዘመ እንጂ።

«ለራስዎስ?» አለ ትእዛዙ።

«እኔ ጧፍ አለኝ» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሲመሽ ጧፋቸውን ለኩሰው፣ ዳዊታቸውን ደግመው ይተኛሉ። የቅጣው ቤት ግን ሌላ ነው። ከቄሱ ግቢ በላይ ባለችው አፋፍ ላይ ቅጣው እጮኛውን ምህረትን ሊያገባባት በገዛ እጁ የሠራት ባለ ቆርቆሮ ቤት ናት። ማገሩን ማግሮ፣ ጣራውን መትቶ፣ በሩን በቁልፍ ገጥሞ፣ ግድግዳውን ሳይመርገው ድርቅ መጣ። ድርቁ ሳይለቅ ጦርነት መጣ። ያን ጊዜ ከዋግ ያልተሰደደ ወጣት ማን አለ። ቅጣውም «ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ» አለና ቁልፉን ለአባቱ ሰጠ፣ ስልኩንም ለአባቱ ተወ።

«ቁጥሯን በቃሌ ይዣታለሁ» አለ። «የምደውለው በሷ ነው። እንዳትዘጋብኝ አደራ።»

ይቺ ስልክ ድሮ የአባትና የልጅ መጣያ ነበረች። ቅጣው በየገበያው ቀን እታች አምደወርቅ ከተማ ድረስ እየሄደ ነበር ቻርጅ የሚያስደርጋት። ቄሱ «ለአንዲት ለምትዘፍን ሳጥን ብሎ ቀኑን ሙሉ ዳገት የሚወርድ የሚወጣ ዕብድ ወለድኩ» እያሉ ያሽሟጥጡት ነበር። ልጁ ከሄደ በኋላ ግን ያው ዳገት የእሳቸው ሆነ። በዱላቸው እየተደገፉ አምደወርቅ ይሄዳሉ፣ ስልኳን አንድ ሱቅ ያሰካሉ፣ እስክትሞላ አጠገቧ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ዕብዱ ማን እንደሆነ የሚጠይቃቸው ባለመኖሩ እግዚአብሔርን ያመሰግኑ ነበር።

መብራቱ ሲገባ ይህ ድካም ቀረ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ላይ የፀሐይ ሰሌዳዎቹ ተደርድረው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። ቀን የሰበሰቡት ኃይል በአንድ የብረት ቤት ውስጥ ባሉ ትልልቅ ባትሪዎች ይጠራቀማል፤ ማታ ማታ ለየቤቱ ይከፋፈላል። ትእዛዙ ሕዝቡን ከትልቁ የጽድ ዛፍ ሥር ሰብስቦ ነገሩን አስረዳ።

«ይሄ ስማርት ቆጣሪ ይባላል። ብልህ ማለት ነው። የየቤቱን ጠባይ ይለምዳል። ማን መቼ እንደሚያበራ፣ ማን ቴሌቪዥን እንደከፈተ፣ ማን እንደተኛ ሰቆጣ ቢሮዬ ተቀምጬ አያለሁ። ባትሪው ደግሞ ለተወሰነ ቤት ብቻ ነው የሚበቃው። ስለዚህ ሰው የማይኖርበት ቤት ካለ ቆጣሪው ራሱ ይነግረናል፤ መስመሩ ይነቀልና ተራ ለሚጠብቅ ይሰጣል።»

እማማ ተዋበች ከወደ ኋላ ብድግ አሉ። «የኔ ልጅ፣ ያያል ነው የምትለን ወይስ ይሰማል?»

ትእዛዙ ሳቀ። «ሁሉንም ነው እናቴ። ብልህ ነው አልኩ እኮ።»

ሕዝቡም አብሮት ሳቀ። ቄስ ይሄይስ አልሳቁም።

ለሌላው ሰው ወሬው የመብራት ወሬ ነበር። ለእሳቸው ግን የልጃቸው ነገር ነው። መንደሩ ከዚያ በፊት ሽማግሌ ልኮባቸዋል፤ «አባ፣ እርምዎን ያውጡ። ይለቀስለት፣ ፍትሐቱም ይድረስለት። እሱም ይረፍ፣ አንቱም ይረፉ» ብሎ። እሳቸው ራሳቸው ልጁን ባሕር የበላበትን ስንቱን አባት እንዲህ እያሉ እርሙን አስወጥተዋል። በራሳቸው ሲደርስ አፋቸው ተያዘ። «ቤቱ ቆሟል፤ ቁልፉም አንገቴ ላይ ነው» ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኙ። ቁልፉን እውነትም ከመስቀላቸው ጋር በአንድ ማተብ ነው ያሰሩት። አሁን ግን ከሽማግሌ የባሰ መጣባቸው። ሽማግሌን በቃል ይመልሱታል፤ ቆጣሪን በምን ይመልሱታል? ባዶ ነው ብሎ መስመሩን ያስነቀለ ዕለት ልጃቸውም አብሮ እንደሚነቀል ነው የተሰማቸው።

ይባስ ብሎ ተራ ከሚጠብቁት የመጀመሪያዋ ምህረት ነበረች። ምህረት ቅጣውን ጠብቃዋለች። እኩዮቿ ልጅ አዝለው ገበያ ሲወጡ እሷ ትጠብቅ ነበር። በመጨረሻ ቤተሰቦቿ ለጌታሁን ዳሯት፤ ጌታሁን ግንበኛ ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ደህና ሰው። ቃል ኪዳናቸውን የባረኩት ራሳቸው ቄስ ይሄይስ ናቸው። መስቀሉን ሲያሳልሟት ቀና ብላ አላየቻቸውም። ጌታሁን ቤቱን የሠራው ከምዝገባው በኋላ በመሆኑ መስመር አልደረሰውም። የደረሰው ቦታ ደግሞ፣ ከየት ያለው ዕጣ እንደሆነ እንጃ፣ ከቅጣው ቤት ጓሮ ነው። ምህረት የመጀመሪያ ልጇን እዚያ በእጅ ባትሪ ብርሃን ወለደች። ስለ መስመሩ አንድም ቀን ትንፍሽ አላለችም። ቄሱን የሚከነክናቸውም ይኸው ዝምታዋ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ቄሱ የሚያደርጉት ቀላል ነበር። ሲመሽ ቤቱን ይከፍታሉ፣ አምፖሏን ያበራሉ፣ ስልኳን ሰክተው ትንሽ ይቆማሉ፣ ነቅለው ይወጣሉ። ይበቃል ብለው ነበር። አንድ ቀን ትእዛዙ ለቁጥጥር መጣና ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትል ቢጫ ነገር አሳያቸው።

«አባ፣ ይሄን ቤት ጠርጥሮታል» አለ።

«ምን ብሎ?»

«አንዲት አምፖል በርታ ወዲያው ትጠፋለች። እንዲህ አድርጎ የሚኖር ሰው የለም ነው የሚለው። በዚሁ ከቀጠለ ኮሚቴው መስመሩን ያነሳዋል። እኔ አይደለሁም አባ፤ ማሽኑ ነው።»

ትእዛዙ ክፉ ልጅ አልነበረም። «እኔ አይደለሁም፤ ማሽኑ ነው» የምትለው ግን የዘመኑ ሰው ሁሉ የሚደበቅባት ጥላ ናት። ቄሱም አልተከራከሩትም። ባርከው ሸኙትና ወደ ቤቱ ገብተው ቆጣሪውን እንደ ባለጋራ ፊት ለፊት አዩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቄስ ይሄይስ ልጃቸውን መሆን ጀመሩ። ቅጣው ቢኖር በዚህ ሰዓት ምን ያደርግ ነበር ብለው ያስባሉ፣ ያንኑ ያደርጋሉ። ቅጣው አምሽቶ ነው የሚተኛ፤ እሳቸውም እንቅልፍ እየጣላቸው ያመሻሉ። ቅጣው ዘፈን ይወዳል፤ ስልኳ ውስጥ ያስጫናቸው ዘፈኖች ነበሩ፣ እሳቸውም እንደሚጸየፉት ነገር ስልኳን በሁለት ጣት ይዘው ይከፍቷቸዋል። መጀመሪያ ጆሯቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ነበር። ደግሞ ቆጣሪው ይሰማል ተብሏልና፣ በሩን ሲከፍቱ ጎርነን ባለ ድምፅ «እንደምን አመሸህ ቅጣው» ይላሉ። አንድ ቀን ቀጠን ባለ ድምፅ «እግዚአብሔር ይመስገን አባ» ብለው መልሱንም ለራሳቸው ሊሞሉት ሞክረው ነበር፤ አፈሩና ዳግመኛ አልሞከሩትም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን ይሰጡና ለመልሱ የሚሆን ጊዜ ዝም ይላሉ።

ይህን ሁሉ ማንም አያውቅብኝም ብለው ነበር። መንደር መሆኑን ረሱት።

ነገሩ ግን ውሎ አድሮ መልኩን ቀየረ። ቆጣሪውን ሊያታልሉ የጀመሩት ወሬ የምር ወሬ ሆነ። «እንደምን አመሸህ» ካሉ በኋላ የቀኑን ይነግሩታል፤ ማን እንደሞተ፣ የማን በሬ ገደል እንደገባ፣ ዝናቡ ዘንድሮ ጎረቤት ወረዳ ሰሃላ ደርሶ እንዴት እንደቀረባቸው። ልጁ ጎናቸው ተቀምጦ በኖረበት ዘመን ይህን ሁሉ አውርተውት አያውቁም። ያኔ የሚሉት «ተነሳ»፣ «አምጣ»፣ «ዝጋው ያን ነገር» ነበር። አሁን ያን ነገር አይዘጉትም። ከዘፈኖቹ አንዱ ላይ ዘፋኙ ትንፋሽ አጥሮት አንድ አፍታ ያቆምና ደግሞ ይነሳል፤ ቄሱ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ቅጣው ይህችን ነው የሚወዳት ብለው ያስባሉ። ማን እንደነገራቸው አይጠየቁም። ልጃቸው ናፈቃቸው፤ ሲሄድ ከናፈቃቸው ይልቅ አሁን በገዛ ቤቱ ተቀምጠው ናፈቃቸው። ቢጫዋ ብልጭታ ከጠፋች በኋላም፣ ቆጣሪው «ሰው አለበት» ካለ በኋላም አልተዉትም።

በዚያው መኸር ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ቅዳሴ ላይ ፊደሉ ይደበላለቅባቸው ጀመር። ሰቆጣ የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል ሲባል ሰው ሁሉ ገፋፋቸው። ሄደው ወዲያው ለመመለስ አስበው፣ ስልኳን በደረት ኪሳቸው ይዘው፣ ቤቱን ቆልፈው ወጡ። ቤቱን አደራ የሚሉት ሰው አላገኙም። ማንን «እየሄድህ ልጄን እንደምን አመሸህ በልልኝ» ይሉታል?

ሞራው ተገፈፈላቸው። ሐኪሟ ግን ቁስሉ እስኪደርቅ ከሰቆጣ እንዳይወጡ አዘዘቻቸው። «ዓይንዎን እንዳያሹት፣ አቧራ እንዳይነካው፣ ደግሞ እንዳያለቅሱ» አለች። በእህታቸው ልጅ በለተሥላሴ ቤት በአንድ ዓይናቸው ፋሻ አስረው ተቀመጡ። ለተሥላሴ ብታበላ ብታጠጣቸው ቀልባቸው ከሷ ጋር አልነበረም። በመሸ ቁጥር ያቺ ቤት በጨለማ ትታያቸዋለች፤ ቆጣሪዋም ቢጫ ዓይኗን እያርገበገበች ለትእዛዙ ስትናገር ትታያቸዋለች። ሲብስባቸው በትር ይዘው የትእዛዙን ቢሮ እያፈላለጉ ሄዱ።

ትእዛዙ ተነስቶ መስቀል ተሳለመ፣ ወንበር ሰጣቸው።

«ልጄ፣ እግርህ ሥር ወድቄ ነው» አሉ። «ቅጣው ትንሽ ወጣ ብሏል። ቤቱ ሰሞኑን አልበራም። እኔ እስክመለስ እንዳትነቅሉበት።»

ትእዛዙ ግራ ገባው። ኮምፒውተሩን ከፈተና አየ። ደግሞ አየ።

«አባ፣ ኧረ በርቷል።»

«ምኑ?»

«ቤቱ ነዋ። አንቱ ከመጡ ወዲህ ማታ ማታ ሲበራ ነው የሰነበተው። እንዲያውም ከበፊቱ ይቆያል። ይኸው፣ ትናንትም በርቷል።» ስክሪኑን ወደሳቸው አዞረ፤ እሳቸው ከፍ ዝቅ ያለ መስመር እንጂ ሌላ አልታያቸውም። «ሰው አለበት አባ።»

ቄስ ይሄይስ እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ። ቁልፉ አለ። በሩ እንደሆነ በሌላ አይከፈትም። ቆልፈው ወጥተዋል፤ ገፍተውም አይተውታል። እንግዲህ ያለዚህ ቁልፍ ያን በር የሚከፍተው ማን ነው? በሩን በገዛ እጁ የገጠመው ካልሆነ።

ለትእዛዙ ምንም አላሉትም። ለለተሥላሴም አላሏትም፤ «እሄዳለሁ» ብቻ አሉ። ሐኪሟ ከልክላለች ብላ ብትለምናቸውም፣ ከፋሻው በላይ ነጠላ ሸብ አድርገው በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈሩ። ሰው ሲያወራቸው አይሰሙም። ለማንም አልተናገሩም፤ ከተናገሩት የሚበን መሰላቸው። መልኩ ተለውጦ ይሆን? ከስቶ ይሆን? ስልኳ እያለች ለምን አልደወለም? ቁጥሯ ጠፍቶበት ነው። ባሕር ላይ የወደቀ ሰው ቁጥር ይጠፋበታል። ይህን ሁሉ ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው መለሱ። ልጁን እንዳገኙት የሚሉትን አሰቡና አጡት፤ ያን ሁሉ ማታ ሲያወሩት ከርመው አሁን የሚሉት ጠፋቸው።

አምደወርቅ ከሚኒባሱ ሲወርዱ ገበያ ነበር። ቅጣው በልጅነቱ ሸንኮራ ይወድ ነበር። አንድ ረጅም ሸንኮራ ገዙና እንደ መቋሚያ ትከሻቸው ላይ አድርገው መንገድ ጀመሩ። ጎልማሳ ለሆነ ሰው ሸንኮራ ተሸክሞ መሄድ ያስቃል፤ የሳቀባቸውም አልጠፋም። እሳቸው ግን ያን ዳገት እንደዚያን ቀን ወጥተውት አያውቁም።

ጽድ አምባ ሲደርሱ ፀሐይ ገብታለች። አየሩ ቀዝቅዟል። ወደ አፋፉ ቀና ሲሉ በዚያች በአንዲት ዓይናቸው ብርሃኑን አዩት። ግድግዳው ስላልተመረገ ብርሃኑ በየማገሩ መሐል ሾልኮ ይታያል። ሸንኮራውን እንደያዙ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ደግሞ ተነሱ።

በሩ ገርበብ ብሏል። እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ከውስጥ ድምፅ ሰሙ። ዝቅ ያለ፣ የማን እንደሆነ የማይለይ ድምፅ ነው።

«እንደምን አመሸህ ቅጣው» አለ ድምፁ።

ልብን የሚያህል ነገር ከሰው ደረት ሊወጣ ይችላል ቢባል ያኔ ነበር። አለ። ልጃቸው አለ፤ ሰውም አብሮት ተቀምጦ ያጫውተዋል። በሩን ገፉት።

ምህረት ናት። ልጇን አቅፋ ጡት እያጠባች፣ ፊቷን ወደ ቆጣሪው አዙራ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ሌላ ሰው የለም። ቄሱ ማዕዘኑን አዩ፣ መደቡን አዩ፣ ከበሩ ኋላ ሳይቀር አዩ። ምህረት ደንግጣ ተነሳች፤ ነጠላዋን ሳበች።

«አባ…» አለች። ፊታቸውን አይታ የሆነው ሁሉ ገባት። «ወይኔ አባ። መጥቷል ብለው ነው?»

ቄሱ ሸንኮራውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። «ቁልፉን ከየት አገኘሽው?» አሉ።

ከአንገቷ አውጥታ አሳየቻቸው። እሷም ማተቧ ላይ ነው ያሰረችው። «እሱ ነው የሰጠኝ፣ የሄደ ዕለት። ሁለት ነበር ያሠራው፤ አንዱን ለአንቱ፣ አንዱን ለኔ። መመለስ ነበረብኝ፤ ስዳር ልመልሰው ብዬ እግሬ እምቢ አለኝ።»

«ጌታሁን ያውቃል?»

«ያውቃል። አባ እስኪመለሱ እየሄድሽ አብሪላቸው ያለኝም እሱ ነው።»

«ዝም ብትይ እኮ መስመሩ ላንቺ ነበር የሚደርስ» አሉ ቄሱ። «ዝም ብቻ ብትይ።»

ምህረት ልጇን ወደ ትከሻዋ አዛወረች። «ማታ ማታ ሲያጫውቱት እሰማለሁ አባ። ግድግዳው አልተመረገም፤ ቤቴ ድረስ ይሰማል። ጌታሁንም ይሰማል። እንዳይቆረጥብዎ ብለን ነው። ታመው መጥተው፣ እንደገና ይሄን ቤት ጨልሞ ቢያገኙት…» አልጨረሰችውም።

«ሰላምታውስ?»

«አንቱ እንዲያ ነው የሚሉት። ድምፅ ካልሰማ ማሽኑ ያውቅብናል ብዬ» አለችና አንገቷን ደፋች። «መጀመሪያ ለማሽኑ ነበር የምለው።»

ቄስ ይሄይስ ያን ጊዜ መደቡ ላይ ቁጭ አሉና አለቀሱ። ሐኪሟ ያለችው ትዝ ብሏቸዋል፤ ግን ማን ሊያቆመው። ፋሻው ራሰ። ምህረትም አጠገባቸው ተቀምጣ አለቀሰች። አብረው ሲያለቅሱ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ጎን ለጎን ኖረው የአንድን ሰው ናፍቆት በየቤታቸው ደብቀው ሲበሉት ከርመዋል። ሕፃኗ ብቻ አምፖሉን አፍጥጣ ታየው ነበር። መብራት ሲበራ አይታ የማታውቅ ልጅ ናት፤ ከሰሞኑ በቀር።

ቄሱ ይህንን አዩ። ሌሊቱን ሲያስቡ ያደሩትም ይህንኑ ነው።

ትእዛዙ ለወሩ ቁጥጥር ሲመጣ ቄስ ይሄይስ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት። ፋሻቸው ተነስቷል። ሽማግሌዎቹና ጌታሁንም ነበሩ።

«መስመሩን ንቀልና ለምህረት ስጥ» አሉት። «ቤቱ ባዶ ነው።»

ትእዛዙ ስልኩን አይቶ «አባ፣ እዚህ ግን ሰው አለበት ነው የሚለው» አለ።

«ተሳስቷል። ሰውየው እኔ ነበርኩ።»

ይህቺን «ባዶ ነው» የምትል ቃል ያን ሁሉ ዓመት አፋቸው ላይ አልወጣችም ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀረብ ብሎ ክንዳቸውን ያዘ። «እግዜር ያጽናዎ አባ። እንግዲህ እርሙን…»

«ባዶ ነው አልኩ» አሉ ቄሱ። «ሞቷል አልወጣኝም።»

ሽማግሌው ክንዳቸውን ለቀቀ። ትእዛዙ ቆጣሪውን ሲፈታ ጌታሁን መሰላሉን ያዘለት፤ ዓይኑን ግን ወደ ቄሱ አላነሳም። ማታ ላይ የቅጣው ቤት ጨለመ፤ ከጓሮው የምህረት ቤት በራ።

ስልኳ ቻርጅ ባለቀባት ቀን ቄስ ይሄይስ ዱላቸውን አነሱ። ስልኳንና ቻርጀሯን በእጃቸው ይዘው ወደ አምደወርቅ ሊወርዱ በምህረት ደጅ ሲያልፉ እሷ እህል ታሰጣ ነበር።

«የት ነው አባ?»

«አምደወርቅ። ስልኳ ሞተችብኝ።»

ምህረት እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና ስልኳንም ቻርጀሯንም ከእጃቸው ተቀበለቻቸው። «ይግቡ» አለች። ከበሩ አጠገብ አዲስ የተገጠመች የሶኬት ማከፋፈያ ነበረች፤ ሁለቱ ቀዳዳ ተይዟል፣ አንዷ ክፍት ናት። «ይቺን ለሱ ስልክ ነው የተውናት። ጌታሁንን ሌላ ነገር እንዳትሰካባት ብዬው አላውቅም፤ ራሱም ሰክቶባት አያውቅም» አለችና ሰካቻት። ስልኳ ነዘር ብላ በራች።

ከዚያ ወዲህ ቄሱ በመሸ ቁጥር ስልኳን ይዘው ይመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን ግን ዕቃ የሰረቀ ሰው ይመስል የመደቡ ጫፍ ላይ ነበር የተቀመጡት። ጌታሁን ከሥራ ገባ። የጭቃ እጁን ውጭ ታጥቧል። «እንደምን አመሹ አባ» አለና ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመ። ሕፃኗን ተቀብሎ አቀፋት። ቆሞ ማከፋፈያዋ ላይ የተሰካችውን ስልክ ትንሽ አየ።

«እንደምን አመሸህ ቅጣው» አለ፤ ሳይስቅ፣ ለሰው እንደሚባለው።

ምህረት ፊቷን ወደ ምድጃው መለሰች። ቄስ ይሄይስ እንደ ልማዳቸው ለመልሱ የሚሆን ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መደቡ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።